ከጥምቀተ ባሕሩ በታች

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች ታሪኳን በነገሥታቱ ግንብ ብቻ ሳይሆን በወንዞቿም ዳር መመርመር ይገባል። ከሁለቱ ወንዞች ቀሃ በምዕራብ በኩል ሲወርድ በመጀመሪያ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራውን ጥምቀተ ባሕር ይሞላል፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ በቀድሞው ዘመን እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ግርጌ ያልፋል። በጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው፣ ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ አሳልፈው፣ በማግሥቱ ውኃው ከተባረከና ሕዝቡ ከተጠመቀበት በኋላ፣ ያው ውኃ ሲለቀቅ ቁልቁል ወደዚያ ሰፈር ይሄዳል። እንግዲህ በጸሎት የተባረከው ውኃ የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ከሚኖሩበት ወንዝ ዳር በደረሰ ጊዜ በረከቱ ምን ይሆናል? ጥያቄው ሲሰሙት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቅድስና በመለየት የሚጠበቅ ነገር መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሊቃውንቱንም ቢሆን የሚያሳስብ ነው።

የሰፈሩ አመሠራረት ከዐዋጅ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡንም ለማስገባት በሞከሩ ጊዜ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1632 የአባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል እስኪለቁ ድረስ የፈሰሰው ደም ብዙ ነበረ። ይህን መከራ ያየ ትውልድ ሃይማኖቱ ዳግመኛ እንዳይነጠቅ ቢሠጋ የሚፈረድበት አይደለም። ጻድቁ ዮሐንስ የተባሉት የፋሲል ልጅ ከነገሡ በኋላ በ1668 ጎንደር ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ በአገሩ የቀሩት ፈረንጆች የተዋሕዶን ሃይማኖት ይቀበሉ ወይም ከአገር ይውጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው ይኑሩ ተብሎ የተወሰነው ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው። የንጉሡንም ሆነ የካህናቱን ልብ እንደ ክፉ ልብ መቍጠር ታሪክን ማጣመም ይሆናል፤ ሕዝባቸውን ይወዱ ነበር፤ የሚወዱትንም በአጥር ለመጠበቅ ፈለጉ።

ይሁን እንጂ አጥሩ ከታጠረ በኋላ የሆነው ነገር ከዐዋጁ ቃል ይልቅ ያስተምራል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ ከከተማው ፊት ለፊት በወንዙ ዳር ያለው የሙስሊሞች ሰፈር አንድ ሺህ ያህል ቤት እንደሚሆን ገምቶ፣ ነዋሪዎቹ ትጉሃን መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳን የሚተክሉና የሚነቅሉ፣ በቅሎውን የሚጭኑ፣ ጓዙን የሚነዱ መሆናቸውን፣ በጦርነት ግን በማንም ወገን ገብተው እንደማይዋጉ ጽፏል። ነገሩ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። የክርስቲያኑ ንጉሥ በዘመቻ ላይ ጎኑን የሚያሳርፍበትን ድንኳን የሚተክሉለት፣ በከተማው ውስጥ ከክርስቲያን ጋር እንዳይኖሩ የታዘዙት ሰዎች ነበሩ።

ልብሱስ ቢሆን? ከጎንደር ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ሸማኔ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ሲረግጥ፣ ድሩ ከፍና ዝቅ እያለ በሚከፍተው ቀዳዳ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያሳልፍ፣ ማጉንም እየሳበ ሲያጠብቅ ያየ ሰው፣ አንዲት ኩታ የስንት ቀን ትዕግሥት እንደሆነች ያውቃል። ያቺ ኩታ ነጭ ሆና፣ በጥለት ተውባ፣ በጥምቀት ዕለት በክርስቲያኑ ትከሻ ላይ ስትውል የማን እጅ እንደ ሠራት የሚጠይቅ አልነበረም። በገበያውም እንዲሁ፤ ወደ ምጽዋና ወደ ስናር የሚወስደውን መንገድ የሚያውቀው፣ በዚያም ያሉት ሹማምንት እንደ ወገን የሚቀበሉት የአዲስ ዓለም ነጋዴ ነበረና፣ የቤተ መንግሥቱም ሆነ የቤተ ክህነቱ ሰው ከባሕር ማዶ ለሚሻው ዕቃ በእርሱ መታመን ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የበለጠው ምስክር ግን በዐዋጅ አውጪው ልጅ በታላቁ ኢያሱ ዘመን የሆነው ነው። ዐፄ ኢያሱ የቆዳ በሽታ ይዟቸው ነበርና ሐኪም እንዲፈልግላቸው ሐጂ ዐሊ የተባለውን ሙስሊም ወደ ካይሮ ላኩት። እርሱም ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘ፤ በ1698 አብረው ከካይሮ ተነሥተው፣ በረሓውንና የስናርን አገር አቋርጠው፣ በ1699 ጎንደር ገቡ፤ ፖንሴ እንደሚናገረው ንጉሡ ታክመው ዳኑ። ይህን ታሪክ ከዐዋጁ ጎን አስቀምጠን እንየው። ተለይቶ ይኑር የተባለው ሙስሊም፣ ከአገር ይውጣ የተባለውን ፈረንጅ እየመራ መጥቶ፣ የዚያኑ ዐዋጅ አውጪ ልጅ ከደዌ እንዲፈወስ ምክንያት ሆነ። በሉቃስ ወንጌል በመንገድ ወድቆ ስለ ተገኘው ቁስለኛ፣ ሌዋዊው አልፎት ሲሄድ ስለ ራራለት ሳምራዊ የተጻፈውን በየዓመቱ የምንሰማ ሰዎች፣ በገዛ ከተማችን የተፈጸመውን ይህን ታሪክ ከወንጌሉ ጋር አያይዘን አለማስተማራችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው ክርስቶስ በዮርዳኖስ የተጠመቀው ከውኃው ቅድስናን ሊቀበል አይደለም፤ ውኃውን ሊቀድስ ነው እንጂ። መተርጉማን እንደሚተርኩትም ጠላት ዲያብሎስ የአዳምንና የሔዋንን የባርነት ደብዳቤ ጽፎ አንዱን በሲኦል፣ አንዱን በዮርዳኖስ ጥሎት ነበረና፣ ጌታ በጥምቀቱ ጊዜ በዮርዳኖስ ያለውን ደመሰሰው። እንግዲያው የተደመሰሰው ደብዳቤ የማን ነበረ? የአዳም ከሆነ የልጆቹ ሁሉ ነው፤ አዳም ደግሞ ከቀሃ ወዲህ ላለው ብቻ አባት አይደለም። ቀሃን ስለ ዮርዳኖስ ቆጥረን የምንባርከው ከሆነ፣ የዮርዳኖስን ምሥጢር በጥምቀተ ባሕሩ ቅጥር ውስጥ ብቻ ልናስቀረው አንችልም። ውኃውም ራሱ አይቀርም፤ ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና፣ ጣናም በዐባይ አድርጎ ጳጳሳቱ ይመጡበት ወደ ነበረው ወደ ግብፅ ይወርዳል።

ምሥጢረ ጥምቀትንና የጥምቀትን በዓል አንድ አድርጌ ሃይማኖትን ሁሉ ላደባልቅ እንዳልተነሣሁ አንባቢ ይረዳልኝ። ያልተጠመቀ ሰው ክርስቲያን ነው አልልም፤ የአዲስ ዓለምም ሰው እንዲህ እንዲባልለት አይሻም፤ እርሱም በመስጊዱና በሥርዓቱ ጸንቶ፣ የዘመናትን መከራ ታግሦ ኖሯል፤ መለየቱንም በበኩሉ የራሱን ሃይማኖት መጠበቂያ አድርጎታል። የእያንዳንዱ የእርድ ሥርዓት ለየብቻ ነው፤ በዚህም ማንም አይቀየምም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ዐዋጅ የሰዎችን መኖሪያ ሊለይ ቢችልም በሰዎች መካከል ያለውን የፍቅር ዕዳ ሊለይ አለመቻሉ ነው።

በዚያችው ጎንደር ውስጥ ሌላ ዓይነት ድንበር መኖሩም ይህን ያስረዳል። የእጨጌው መኖሪያ የነበረው እጨጌ ቤት የመማጸኛ ስፍራ ነበረ፤ ወንጀለኛም ሆነ በዳይ፣ ንጉሥ የተቈጣው መኰንንም ሆነ ባለዕዳ፣ አምልጦ ከዚያ ከገባ የሚያሳድደው ሰው ከድንበሩ ላይ ይቆም ነበር። የእስላም ቤት ድንበር ሰውን ከውስጥ ለማስወጣት የተሰመረ ሲሆን፣ የእጨጌ ቤት ድንበር ሰውን ወደ ውስጥ ለመቀበል የተሰመረ ነው፤ ሁለቱንም ያከበረው ያው ሕዝብ፣ የመከራቸውም ያው ቤተ ክህነት ነው። ከሁለቱ የትኛው ለወንጌል እንደሚቀርብ ለመፍረድ ብዙ መጻሕፍት ማገላበጥ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በጥር 11 ቀን የዋርካ ሥሮች እንደ እጅ ጨምድደው በያዙት በጥምቀተ ባሕሩ ቅጥር አጠገብ ቆሞ የሚሰብክ መምህር፣ ስለ ዮርዳኖስ ካስተማረ በኋላ ስለ ሐጂ ዐሊም ቢናገር፣ ድንኳን ተካዮቹንና ሸማኔዎቹንም በስማቸው ባይሆን በሥራቸው ቢያነሣ፣ የበዓሉን ክብር ዝቅ ያደርጋል ብዬ አልፈራም። እንዲያውም ከውኃው የወጣው ወጣት ልብሱ ሳይደርቅ ወደ አዲስ ዓለም ወርዶ ጎረቤቱን እንኳን አደረሰህ ሲል፣ የሚለው ምን እንደሆነ ዐውቆ እንዲል ያደርገዋል።