መሣሪያ የሠራ ለሚገለገልበት ሰው ያለበት ዕዳ

ሰው መሣሪያ ሠርቶ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ፥ ለገዛው ሰው የሚቀርበት ዕዳ አለን? ቀጥቃጩ የሸጠው ማረሻ በእርሻ መካከል ቢሰበር ገበሬው ይዞት ይመለሳል፤ ቀጥቃጩም ጎረቤት ነውና ፊቱን ሊያዞር አይቻለውም። በዛሬው ጊዜ ግን ሶፍትዌር የሚሠሩትና የሚገለገሉበት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ተያይተው አያውቁም።

አምስት ስድስት ሆነው በአዲስ አበባ በአንድ ክፍል የሚሠሩ ወጣቶች፥ ለሰመራ መሥሪያ ቤት ወይም ለአዋሽ ሰባት ኪሎ ነጋዴ የስምና የሒሳብ መዝገብ ያዘጋጃሉ እንበል። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚሁ አጻጻፍ «ኪው» የምትባለው ፊደል የምታሰማው «ቀ»ን ሳይሆን ከጉሮሮ የሚወጣውን «ዐ»ን ነው፤ «ሲ»ም «ሐ»ን ታሰማለች። የሕዝቡ ስም ራሱ የሚጀምረው በዚችው በ«ኪው» ስለ ሆነ፥ ይህን ያልተማረ ሠሪ ስሙን እንደ ስሕተት ቈጥሮ ሊያርመው ይነሣል። ይህም የሚሆነው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ የሚነግረው ስላላገኘ፥ ወይም የተነገረውን ስላልሰማ ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቈየ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ከብቱ በሽታ፥ ስለ አገሩ ጸጥታ ያላቸውን ወሬ ይለዋወጣሉ። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል፤ ሰሚውም ያንኑ ይዞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ስለዚህ መናገርም መስማትም ግዴታ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ ሕግ ለሠሪና ለተገልጋይ የሚያወጣ ያለ አይመስለኝም። ተገልጋዩም «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ማማረር አይበቃውም፤ ምን ሲነካ ምን እንደ ሆነ፥ ያየውን እንዳየው መናገር ይገባዋል።

ሳይደማመጡ መሥራት ያስከተለውን ጕዳት በራሳችን ፊደል አይተነዋል። የግእዝን ፊደል ኮምፒዩተር ላይ ያወጡት በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ትጉሃን ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ለፊደሎቹ የየራሱን መለያ ቍጥር ስለ ሰጠ፥ በፓወር ግእዝ የተጻፈ ደብዳቤ በቪዥዋል ግእዝ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅ ይሆን ነበር። ድካሙን የተሸከሙት ሠሪዎቹ ሳይሆኑ መምህራንና ጸሐፊዎች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የጋራ መለያዎች መደበ። ከዚያም በኋላ ቢሆን አሮጌው አጻጻፍ ከየመሥሪያ ቤቱ ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጉግል 110 አዳዲስ ቋንቋዎችን በትርጕም አገልግሎቱ ሲጨምር አፋርኛ አንዱ ነበረ። ከእነዚያም ሁሉ በበጎ ፈቃደኞች ብዙ አስተዋፅኦ የተደረገለት አፋርኛ መሆኑን ኩባንያው ራሱ ገልጧል። ይህ ታናሽ ድርጅት አይደለም፤ ጥያቄው ግን ለታናሹም ያው ነው። ቃሉን በነጻ የሰጠ ሰው ከእንግዲህ ተገልጋይ ብቻ ነውን? ገንዘብ ይከፈለው አልልም፤ ብዙዎቹም ገንዘብ ፈልገው አልሰጡም። ነገር ግን «ይህ ትርጕም ስሕተት ነው» ብሎ በጻፈ ጊዜ መልስ የማግኘት መብት አለው፤ የሥራው ባልደረባ ሆኗልና።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ታናሽ ድርጅት የሁሉን ምኞት ልፈጽም ቢል ይከስራል» ይላሉ። እውነት ነው፤ መስማት ግን መታዘዝ አይደለም። በዳጉ ወሬውን የተቀበለ መንገደኛ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚቈርጠው ራሱ ነው። ሠሪውም ለሰመራው ጸሐፊ፥ «የጠየቁትን ዘንድሮ ልንሠራው አንችልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ የስሙን ፊደል ግን በዚህ ወር እናስተካክላለን» ብሎ ቢጽፍለት፥ የሚያወጣው አንድ ሰዓት ጊዜና አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።