ለቀረችው ጥንቸል ማን ይበቃታል?

በአንድ የናይሮቢ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር በቆመ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ሁለት ጥንቸሎች ለአራት ዓመት አብረው ኖሩ እንበል። ሲተኙ ጎን ለጎን ተደጋግፈው ነበር፤ አንደኛው የሌላይቱን ግንባር ይልሳል፤ የሱኩማ ቅጠል ሲጣልላቸው ይሻማሉ። አንድ ማለዳ ወንዱ ሞቶ ተገኘ። አባትየው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ልጆቹም መጥተው አለቀሱ፤ ነገሩ በዚያ ያበቃ መሰለ። በማግሥቱ ግን እንስቷ ከጥግ እንደተቀመጠች፣ ቅጠሉን ሳትነካ አድራ ተገኘች። ቤተሰቡ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ አገር የሚሻገር ነው፤ ናይሮቢን እንደ መሸጋገሪያ ለኖረባት ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ይህችን ፍጡር ምን ማድረግ ይገባል? ብቻዋን ማቆየት፣ ሌላ ማምጣት ወይስ ለሌላ ሰው መስጠት?

በዚህ ጥያቄ የሚስቅ አይጠፋም። ስደተኛው ራሱ መጠጊያ በሚፈልግበት ከተማ ስለ ጥንቸል መጠጊያ ማውራት ቅንጦት ነው ሊባል ይችላል፤ አባባሉም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ጥንቸሏ ወደዚያ ግቢ በራሷ እግር አልመጣችም፤ የሽቦውን በር የዘጋባት ሰው ነው። ሜዳ ላይ የምትኖር ብትሆን ኖሮ ከመሰሎቿ መካከል ሌላ ባልንጀራ ታገኝ ነበር። አሁን ግን የምታገኘውም ሆነ የምታጣው በሰው እጅ በኩል ብቻ ነው። ዕዳው የሚመነጨውም ከዚህ ነው፤ እንስሳ የመውደድና ያለመውደድ ጉዳይ አይደለም።

ጥንቸል ታዝናለች ወይ? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ17ኛው መቶ ዓመት እንስሳትን ከሰዓት መዘውር ጋር ያመሳሰላቸው ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ መለኪያውን ከማሰብ ችሎታ ወደ ሥቃይ አዞረው። በቅርቡ ደግሞ አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብዕ ምሁር ባርባራ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ እንስሳት ሐዘን ባሳተሙት መጽሐፍ ለጥንቸሎች አንድ ምዕራፍ ሰጥተዋል። መለኪያቸው ጥንቁቅ ነው፤ አብረው ከኖሩ እንስሳት አንዱ ሲሞት የቀረው በአመጋገቡ፣ በእንቅልፉና በአዋዋሉ ጉልህ ለውጥ ካሳየ ሐዘን ብሎ መጥራት ይቻላል ባይ ናቸው።

ለዚያች እንስት ግን ክርክሩ እስኪያልቅ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። የጥንቸል አንጀት ድርቆሽ ያለማቋረጥ እንዲያልፍበት ሆኖ የተሠራ ነው። አንድ ቀን ያህል ሳትበላ ከቆየች እንቅስቃሴው ሊገታና ሊገድላት ይችላል። በዚያ ላይ ባልንጀራዋን የገደለው በሽታ በእርሷም ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ሌላው ነገር ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ተላላፊ በሽታ ካልተጠረጠረ በቀር በድኑ ወዲያው አይወሰድ፣ የቀረችው ቀርባ ታሽትተው፣ ጥቂት ሰዓት አብራው ትቆይ ይላሉ። አስከሬን ሳያይ መርዶ የደረሰው ሰው እንዴት እንደሚሆን በስደት ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አባትየው በደግነት፣ ነገር ግን በችኮላ የቆፈረው ጉድጓድ እዚህ ላይ ያስቆጫል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ረቂቅ ነው። ከልጆቹ አንዷ «እኔ አለሁላት፤ ሌላ አያስፈልጋትም» ትላለች። ይህ ቃል ፍቅር ነው፤ አደጋውም ያለው ፍቅር በመሆኑ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት የሼልድሪክ ማሳደጊያ እዚያው በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። መሥራቿ ዳፍኒ ሼልድሪክ ማሳደጊያው ከመቋቋሙ በፊት በጻቮ ሳሉ አይሻ የምትባል ግልገል ዝሆን በእጃቸው እያጠቡ አሳድገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ለልጃቸው ሠርግ ወደ ናይሮቢ ሄደው ለሁለት ሳምንት ያህል ሲለዩዋት አይሻ መብላት አቆመች፤ ከስታም ሞተች። ወተቱ አልጎደለም፤ የሚያጠባትም ሰው ነበር። ያጠፋት የፍቅር እጦት አልነበረም፤ ፍቅሩ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፉት ሼልድሪክ ይህን ስህተታቸውን አልደበቁትም፤ የማሳደጊያውን ሥርዓት በእርሱ ላይ መሠረቱት። ጠባቂዎቹ ከግልገሎቹ ጋር በየጋጣው ያድራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ግልገል ከአንዱ ሰው ጋር ብቻ እንዳይጣበቅ በየሌሊቱ ይቀያየራሉ። ግልገሎቹ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከመሰሎቻቸው ጋር እንዲኖሩ ወደ ጻቮ ወይም ወደ ኪብዌዚ ደን ይጫናሉ።

ሰው ሁሉን ለመሆን ሲፈልግ፣ የሚወደውን ፍጡር ሕይወት በራሱ መኖር ላይ ያስራል። ልጅቷ ቀን ትምህርት ቤት ናት፤ ሌሊት ትተኛለች፤ ጥንቸል ግን ይበልጥ የምትነቃው ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ከወራት በኋላም ልጅቷ አውሮፕላን ላይ ናት።

የሌላ ዝርያ ባልንጀራ አይበቃም ወይ የሚል ሰው የሞምባሳውን ኦውንን ይጠቅስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የሱናሚ ማዕበል በደረሰበት ሰሞን ከማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ብቻውን የተገኘው የጉማሬ ግልገል በሃለር ፓርክ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ምዜ ከተባለ ኤሊ ጋር ተጠግቶ አደገ። ታሪኩ ዓለምን ያስደነቀው በእውነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን መጨረሻው ነው፤ ኦውን እየገዘፈ ሲሄድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክሊዮ ከምትባል ጉማሬ ጋር እንዲኖር ተደረገ።

ታዲያ ሌላ ጥንቸል ማምጣት ሟቹን መክዳት ይሆን? አማርኛ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ፣ እንዲያውም ብዙ መልስ አለው። ከሐዘን በኋላ ለሚወለድ ልጅ የሚወጣው ስም ምትኩ፣ ተካ፣ ካሣ ወይም ማስረሻ ሊሆን ይችላል። ስሞቹ አንድ ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። ምትኩ ባዶውን ቦታ ይይዛል፤ ካሣ የጠፋውን ዋጋ ይከፍላል፤ ማስረሻ ግን የሟቹን መታወስ ራሱን እንዲሽር ይጠበቅበታል፤ ለአንድ ሕፃን ከባድ ሸክም ነው። ለጥንቸሏ ከእነዚህ አንዱም አይስማማም። አዲሱ መጤ የሟቹን ቦታ ሊወርስ ቢገባ ጦርነት ነው፤ ጥንቸሎች ክልላቸውን የሚያስከብሩት በጥርስና በጥፍር ሲሆን፣ በአንድ ጎጆ በድንገት የተገናኙ ሁለት ጥንቸሎች ክፉኛ ሊጎዳዱ ይችላሉ። የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ የሚያደርጉት በሽቦ አጥር ለይተው ጎን ለጎን ማኖር ነው። የአንዱን ጉዝጓዝ ለሌላው እያቀያየሩ ሽታ ያለማምዳሉ፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሁለቱም በማያውቁት ቦታ ያገናኟቸዋል። በአብዛኛው የሚስማሙት ማምከኛ ሕክምና የተደረገላቸው ወንድና ሴት ናቸው። እንግዲህ የሚመጣው በመጀመሪያ ጎረቤት ነው። በሐበሻ ደንብም ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ አብሮ ያድራል፣ እህል ቅመስ ብሎ ይለምናል። የሟቹን ወንበር ግን ማንም አይወርስም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ጭንቅ አለ። ዛሬ ለእርሷ የሚመጣው ነገ እርሷ ስትሞት ብቻውን ይቀራል፤ ለእርሱም ሌላ ይፈለጋል፤ ሰንሰለቱ ማብቂያ የለውም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ የጊኒ አሳማ ብቻውን እንዳይያዝ ስትደነግግ፣ ይኸው ጭንቅ ለባለቤቶቹ ደርሷል። ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ሌላ ጥንቸል መግዛት ሳይሆን፣ ባልንጀራው የሞተበት ሌላ ጥንቸል ያለበትን ቤት መፈለግ ነው። ሁለት የጎደሉ ቤቶች አንድ ይሆናሉ። ለሚሻገር ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም።

ፍለጋው ግን ዓይን ገልጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው የኬንያ የእንስሳት መከላከያና እንክብካቤ ማኅበር ካረን አካባቢ ለተጣሉ ውሾችና ድመቶች አዲስ ቤት ያፈላልጋል፤ እዚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ሐኪሞችም የሚያውቋቸው ጥንቸል አሳዳጊዎች አሏቸው። ኬንያ ውስጥ ጥንቸል ለሥጋም እንደሚረባ መዘንጋት አይገባም። በኦሪት ሥርዓት ሥጋዋ ለተከለከለባት ኦርቶዶክሳዊ ይህ ቶሎ አይታሰበውም፤ «እወስዳታለሁ» የሚል ደግ ጎረቤት ግን በቅን ልቡ እራቱን አስቦ ሊሆን ይችላል። አርቢው አልበደለም፤ በደሉ ሳይጠይቅ የሰጠው ሰው ነው። መጠየቅ የሚያሳፍረው ጥያቄ «ልትበሏት ነው?» የሚለው ነው፤ መጠየቅ ያለበትም እርሱ ነው። ሰጪውም በበኩሉ የወንዱን አሟሟት፣ የእርሷን ዕድሜና ሕመም ሳይደብቅ መናገር አለበት።

የልጅቷ ነገር ይቀራል። ጥንቸሏ ታስታውሳት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ አባትየው «አዎ» ሊላት ይቃጣዋል። ልጅቷ ግን የምትፈልገው ተስፋ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ጭምር ነው። ስለዚህ በመሄጃው ቀን ሳጥኑን የምታዘጋጀው እርሷ ትሁን። ድርቆሽ ታስገባለች፤ አሮጌውን ጨርቅ ደግሞ ሳታጥበው ከሥሩ ታነጥፋለች። የእንስቷ ሽታ አለበት፤ ምናልባት ጥቂት የወንዱም። አዲሱ ቤት ከደረሱ በኋላ ጨርቁ ከሽቦው ወዲያ ማዶ ላለው ጥንቸል ይሰጣል፤ ቀርቦ ያሸተዋል።