ስምንተኛው ሳምንት ከአንደኛው በፊት

መጽሐፈ ሄኖክን በግእዙ ቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ በስልኩ ይክፈተው ወይም ጣና ገዳም ገብቶ ብራና ይግለጥ፣ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ግራ ይጋባል። የዓለም ታሪክ በአሥር ሳምንት ተከፍሎ ይተረካል፤ ነገር ግን ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት ይቀድማሉ፣ ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ ያሉት ይከተላሉ። በምሁራን አቆጣጠር የፊተኞቹ ምዕራፍ 91፣ የኋለኞቹ ምዕራፍ 93 ላይ ናቸው።

አየርላንዳዊው አር. ኤች. ቻርልስ ተራው መዛባቱን ጠርጥሮ በትርጉሙ አቃንቶት ነበር። ማስረጃው የመጣው ግን ከሙት ባሕር ዳርቻ ነው። በቁምራን አራተኛ ዋሻ የተገኙትን የአራማይክ ቁርጥራጮች ጆዜፍ ሚሊክ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያሳትማቸው፣ ሳምንቶቹ በየተራቸው ተሰልፈው ታዩ።

እንግዲያው ዋናው አራማይኩ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል?

አይቻልም። ሄኖክ ቢያንስ አምስት ድርሳናት ተያይዘው የተሠራ መጽሐፍ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ፣ ስለ «ሰው ልጅ» የሚናገረው የምሳሌዎች ክፍል (ከምዕራፍ 37 እስከ 71)፣ በቁምራን አንዲት ቁራጭ እንኳ አልተገኘለትም። በግእዙ የሌለ «የረዐይት (የግዙፋን) መጽሐፍ» ግን እዚያ ተገኝቷል። የከዋክብቱ ክፍልም በአራማይክ ከግእዙ እጅግ ይረዝማል። ቁምራን የሰጠችን የጥንት ቅጂ ነው፤ ቅርጹ ግን የእኛ መጽሐፍ ቅርጽ አይደለም። ሄኖክ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስም በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ያስደነቀው ይኸው ነበር።

ግእዙ ራሱስ አንድ ነው? አሁንም አይደለም። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚገኙት የቆዩ ብራናዎች አንድ ዓይነት ንባብ ያሳያሉ፤ በኋላ የተጻፉት ደግሞ ሊቃውንት ያረሙትን ሌላ ንባብ ይዘዋል። ጀርመናዊው ዲልማን በ1851 ያሳተመው የኋለኛውን ነው፤ ስለዚህ የአውሮፓ ምሁር ለረጅም ጊዜ «የግእዙ ሄኖክ» ሲል ያነበበው የታረመውን ነበር።

አራሚዎቹን አበላሾች ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ያልጠራ ዐረፍተ ነገር ሲገጥማቸው ለአንባቢ እንዲገባ አቃንተዋል፤ የማይስማማ አንባቢ አሮጌውን ብራና ማየት ይችላል። የአንድምታ መምህርም ከዚህ አይርቅም፤ «ንባቡ እንዲህ ቢል» ብሎ ሁለተኛውን ንባብ ያነሣል፣ ለእሱም ትርጓሜ ይሰጣል፣ የመጀመሪያውንም አይጥልም።

የዛሬዎቹ ተርጓሚዎችም በሳምንቶቹ አልተስማሙም። ማይክል ኒብ በ1978 ብራናው እንዳለው ትቷቸዋል፤ ኒከልስበርግና ቫንደርካም በ2004 ቦታቸውን ቀይረዋል። ኒብ ኢትዮጵያውያን ለዘመናት ያነበቡትን መጽሐፍ ነው የተረጎመው፤ ሁለቱ ደግሞ ያ መጽሐፍ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን አንድ ድርሳን።