ዕዳና ውለታ በወረርሽኝ ዘመን

መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው ርዳታ ለሰውየው ነው ወይስ ለቦታው? ይህ ጥያቄ በደኅናው ዘመን አይነሣም፤ ተማሪውና ቦታው አብረው ስለሚገኙ ማንም ለይቶ አይመረምራቸውምና።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ፥ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸከም፥ ይህንንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ እንዲጨርስ ወስኗል። የአከፋፈሉ ሐሳብ ማለፊያ ነው፤ ገቢ የሌለው ሰው የሚቆረጥበት ደመወዝ የለውምና። የዋጃ ገበሬ ልጅና የአዲስ አበባ ነጋዴ ልጅም በአንድ ዓይነት ውል ይፈርማሉ። በግቢ ውስጥ እስካሉ ድረስ ይህ እኩልነት እውነተኛ ነው፤ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ፥ በአንድ መብራት ያነባሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። ጤናን ለመጠበቅ የተደረገ ስለ ሆነ የሚነቅፈው የለም። ዳሩ ግን አልጋው፥ የምግብ አዳራሹና ቤተ መጻሕፍቱ ከበሩ ውስጥ ቀሩ። የአንዱ ቤት መብራትና ኢንተርኔት ነበረው፤ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዋጃ ግን ልጁን የተቀበለው የማሽላ እርሻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በራያ ቆላ ላይ የአንበጣ መንጋ ወረደ፤ ስለዚህ አባት ልጁን የመገበበት አዝመራ ራሱ የሚያስጨንቅ ሆነ።

«ያልበላውን አይከፍልም፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡ ለእንጀራው ትክክል ነው። ለጊዜው ግን አይደለም። ምርቃቱ በዘገየበት ወር ሁሉ ያልተገኘ ደመወዝ አለ፤ ይህም ለድኻ ቤት ከእንጀራው ዋጋ ይበልጣል። በአሜሪካ መንግሥት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከሦስት ዓመት በላይ የፌዴራል የትምህርት ብድር ክፍያን አቁሞ ወለዱንም ትቶ ነበር። እኛ የእነርሱን ሀብት አንመኝም፤ ነገር ግን ዕዳን እንደ ዘመኑ ማየት ሀብት ብቻ የሚያስችለው ሥራ አይደለም።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ተማሪዎቹ ከለቀቁ በኋላ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ከውጭ አገር የተመለሱ ወገኖች ለይቶ ማቆያ ተሰጣቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጡ ነበሩ፤ ከወሎና ከራያ ወደዚያ የሚሰደደው ወጣት ስንት እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ ተማሪው በዕዳ የያዘውን አልጋ ለሕዝብ ጤና ለቀቀ። በዚያች ወራት ባለዕዳው ማን ነበር?

ሕጋችን ከገንዘብ ሌላ መክፈያ አያውቅም እንዳንል፥ ይኸው ደንብ መምህር የሆነ ምሩቅ ዕዳውን በአገልግሎቱ እንዲከፍል መንገድ ከፍቷል። አልጋ መልቀቅም አገልግሎት ተብሎ በወር ቢቈጠር፥ ለዚህ የሚያስፈልገው በውሉ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር መጨመር ብቻ ነው።