ስለ መዓዛና ስለ አምሳሉ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 እግዚአብሔር ለሙሴ የቅብዐ ቅዱሱን አሠራር ሲያስተምረው፣ ከርቤው 500 ሰቅል፣ ቀረፋው 250 ሰቅል ሆኖ ከሌሎች ሽቱዎችና ከወይራ ዘይት ጋር በቀማሚ ጥበብ እንዲዋሐድ ካዘዘ በኋላ፣ እርሱን የሚመስል የሚቀምም ሰው ከወገኑ ተለይቶ ይጥፋ ሲል ብርቱ ሕግ አጸና። ልብ ብሎ ለሚመረምር ግን የተከለከለው ከርቤው ወይም ቀረፋው አይደለም፤ እነዚህማ በመኃልየ መኃልይ የሙሽራይቱ መወደሻ ሆነው ተጠቅሰዋል። የተከለከለው ለአምላክ የተለየውን ለሥጋ ተድላ ማዋል ነው።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ክሪድ የተባለው የሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 «አቬንቱስ» የተባለውን ሽቶ ካወጣ ወዲህ፣ የዱባዩ ሽቶ ሠሪ አርማፍ «ክለብ ደ ኑዊ ኢንቴንስ ማን» ብሎ የሰየመውን አምሳያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ለገበያ አቅርቧል። ከዱባይ የተመለሰች እኅቴ ርካሹን ይዛልኝ ብትመጣ፣ ውዱን ከወዳጄ ጥቂት ለምኜ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አንጓዬ ላይ ነፋሁ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የርካሹ ሎሚ አፍንጫ ሲቆነጥጥ፣ የውዱ አናናስ ለስለስ ብሎ ይሸት ነበር፤ አልኮሉ ተንኖ ካለቀ በኋላ ግን ሎሚው ረግቦ በሁለቱም እጆቼ ላይ ጢስ ጢስ የሚል መዓዛ ቀረ። ማታ ባለቤቴን ዐይኗን አስጨፍኜ ባስሸትታት፣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ተሳናት።

እንግዲህ አምሳያውን የሠራ ሰው ሌባ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2009 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሎሬአልና በቤሉር ክርክር ላይ ብይን ሲሰጥ፣ የቤሉር ወገን የሆኑ የርካሽ ሽቶ ሻጮች ይህ የእገሌን ሽቶ ይመስላል እያሉ ባሠራጩት የስም ዝርዝር ከዝነኛው ስም ያለ አግባብ ተጠቅመዋል አለ እንጂ፣ መዓዛን መምሰል በራሱ በደል ነው አላለም። እኔም በነገረ ሃይማኖት ሚዛን ብመዝነው ከዚህ አልርቅም። የነጋዴ ሽቶ ለትርፍ እንጂ ለመቅደስ ስላልተለየ፣ የሙሴ ክልከላ አይደርስበትም፤ የሌላውን ስም በጠርሙሱ ላይ ለጥፎ የሚሸጥ፣ ገበያተኛው «ፎርጅድ» የሚለው ግን በሐሰት መመስከር ነውና ኃጢአቱ ግልጥ ነው። ባለጠጋ ልምሰል ብሎ የሚቀባም፣ የተቀባው ውዱ እንኳ ቢሆን፣ ከዚያው ሐሰት አይነጻም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ርካሹን ከመግዛትህ በፊት በእጅህ ላይ ነፍተህ እስከ ማታ ታገሥ፤ ከወደድኸውም ያለ ሐፍረት ተቀባው፤ ምን እንደ ተቀባህ ለሚጠይቅህ ሰው ግን የጠርሙሱን እውነተኛ ስም ንገረው።