ያልታደረባቸው ሌሊቶች የማን ናቸው?

ተከራይ የወሩን ኪራይ በመጀመሪያው ቀን ከፍሎ በ12ኛው ቀን ቁልፉን ቢያስረክብ፣ የቀሪዎቹ 18 ቀናት ገንዘብ የማን ነው? ጉዳዩ ለዳኛ የሚያንስ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ግቢው በር ላይ፣ በአንዱ ዝምታና በሌላው ቅሬታ ይዘጋል። ለኅሊና ግን አያንስም፤ ለብዙ ቤተሰብ የ18 ቀን ኪራይ የልጆች ቀለብ ነው። መልሱን የሚወስነው ተከራዩ ሲከፍል የገዛው ነገር ምንነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይን አከራዩ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ዋጋ፣ በንብረቱ የመገልገልን መብት ለተከራዩ የሚሰጥበት ውል ያደርገዋል። በእስልምና ሕግም ኢጃራ በሚባለው የኪራይ ውል የሚሸጠው የቤቱ ጥቅም እንጂ ቤቱ አይደለም። ከሁለቱም አስቀድሞ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 መሬት የሚሸጥ ሰው መሬቱ እስከሚመለስለት እስከ ኢዮቤልዩ ዓመት የቀሩትን ዓመታት ቆጥሮ፣ ሲበዙ ዋጋውን እንዲያበዛ፣ ሲያንሱ እንዲያሳንስ ያዝዛል፤ ገዢው የሚያገኘው የመከሩን ቁጥር ነውና። ቤት የሚያፈራው ሌሊት ነው። 18ቱ ሌሊቶች አከራዩ እጅ ተመልሰው ገብተዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ተናግሮ የወጣ ተከራይ ዕዳው ያደረባቸው ቀናት ዋጋ ብቻ ነው እላለሁ።

አከራዮች የሚያነሱት መቃወሚያ ክብደት አለው። ውሉ በወር ነው እንጂ በቀን አይደለም፤ ከአንዲት ሰርቪስ ቤት በምታገኘው ኪራይ የምትተዳደር ጡረተኛ እናትም የወሩን ወጪ ያቀደችው ያንን ገንዘብ ተማምና ነው። እውነት ነው፤ ተከራዩ አስቀድሞ የመናገር ግዴታ ያለበትም ለዚህ ነው። ሳይናገር ጓዙን ጭኖ የሄደ ሰው ቀሪውን መልሱልኝ ሊል አይገባውም፤ ሌላ ሰው የምትፈልግበትን ጊዜ ነጥቋታል። እሱም ቢሆን ግን ቤቱ በ15ኛው ቀን በሌላ ተከራይ ከተያዘ ያደረሰው ጉዳት እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ አንዱን ሌሊት ለሁለት ሰው ሸጦ ከሁለቱም መቀበል፣ ውሉ ውስጥ ምንም ይጻፍ ምን፣ ያልሰጡትን ነገር ዋጋ መውሰድ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያን እስከ 2 ወር ኪራይ ስለፈቀደ፣ አከራይ እጅ የሚቆየው ገንዘብ የ18 ቀን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ከራሳችን የቀን መቁጠሪያ የሚነሳው መቃወሚያ ነው። ወራችን ሁሌም 30 ቀን ነው፤ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ግን በልማድ ኪራይ አይጠየቅባትም። አከራዩ «ያኔ ቀን ሳትቆጥር በነፃ አድረህ፣ ዛሬ ለምን ትቆጥራለህ?» ቢልስ? ይህን የመሰለ ክርክር ከ1,800 ዓመት በፊት የአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ቀርቧል። በእነርሱ አቆጣጠር በአንዳንድ ዓመት አንድ ሙሉ ወር ይጨመራል። የቃል ሕጋቸው ስብስብ የሆነው ሚሽና፣ ቤቱ በዓመት ሒሳብ የተከራየ ከሆነ ጭማሪውን ወር ለተከራዩ፣ በወር ሒሳብ ከሆነ ለአከራዩ ይሰጣል። በሴፎሪስ ከተማ ግን አንድ ሰው መታጠቢያ ቤት በዓመት 12 የወርቅ ዲናር፣ በየወሩም 1 ዲናር በሚል ቃል ተከራየ፤ ቃሉ ወደሁለቱም የሚያደላ ስለሆነ ስምዖን ወልደ ገማልያልና ረቢ ዮሴ ወሩ እኩል እንዲካፈል ፈረዱ። ሊቃውንቱ የመረመሩት ዋጋው የትኛውን ጊዜ እንደሸፈነ ነው። በዚህ ሚዛን ጳጉሜን ነፃ የምትመስለው የዓመቱ ዋጋ በ12 ስለተከፈለ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የከፈለ ተከራይ እሷንም ገዝቷታል፣ አከራዩም ያላሰበው ነገር አልጎደለበትም። ሚዛኑ ግን ተከራዩንም ይይዘዋል። ነሐሴ 1 ገብቶ ጳጉሜን 5 የሚወጣ ሰው የ30 ቀን ከፍሎ 35 ቀን ኖሯል። ልማዱ ባይጠይቀውም፣ በሌላ ወር ቀን ቆጥሮ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚፈልግ ተከራይ ከቁልፉ ጋር የ5ቱን ቀን ኪራይ፣ ማለትም የወሩን አንድ ስድስተኛ፣ ራሱ ቆጥሮ ማስረከብ አለበት።