ታስሮ የወጣ ሰው ዕዳው አለቀ?

አንድ ሰው ከማረሚያ ቤት ሲወጣ «ቅጣቱን ጨረሰ» እንላለን። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በግ ይታረዳል፤ እርሱም ከእንግዲህ ማንም ቀና ብሎ እንዳይናገረው ይፈልጋል። በሌላኛው ሰፈር ደግሞ ልጃቸው የሞተባቸው ወይም ንብረታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ይህን ወሬ ሲሰሙ አንጀታቸው ያርራል። «እኛ ምን አገኘን?» ይላሉ። በፍርድ ቤቶች አካባቢ ለዘገባ በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እኔም ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው እላለሁ። ወንጀል የሠራ ሰው ባለ ዕዳነቱ ለማን ነው?

በመንግሥት ሕግ ዓይን ወንጀል በመጀመሪያ ደረጃ በሕዝብ ሰላም ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ስለዚህም ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው። ተበዳዩ ብዙውን ጊዜ የምስክርነት ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው። ለምሳሌ በመኪና ሰው የገደለ ሾፌርን እንውሰድ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ላይ በቸልተኝነት መግደልን በደረጃ ይለያል። ተራ ቸልተኝነት ከሆነ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና መቀጮ፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ገድሎ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ያስቀጣል። አንድ ዓይነት ሞት በተከሰሰበት ንዑስ አንቀጽ የተነሳ ይህን ያህል ይለያያል። ክስ ሲነበብ «ስንተኛው ንዑስ አንቀጽ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

መቀጮው ግን ለመንግሥት ይገባል። እስራቱም ለሟች ልጆች እንጀራ አይሆንም።

ሆኖም ሕጉ ብዙዎቻችን እንደምንገምተው እስር ቤትን ብቻ የሚያውቅ አይደለም። ቀላል ለሆኑ ጥፋቶች የግዴታ ሥራ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ወቀሳና ተበዳዩን ይቅርታ ማስጠየቅ አለ። ከ2 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ የፈተና ጊዜ ቅጣትን በገደብ ማቆየት አለ። ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩን ላሳመረ እስረኛ አመክሮ አለ። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ደግሞ የእርቅ በር ሰፊ ነው። ከሁሉም በላይ አንቀጽ 82 ከልብ የተጸጸተን፣ ጥፋቱን ያመነንና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን የካሰን ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ተበዳዩም ከወንጀል ክሱ ጋር ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ታዲያ ይህን ሁሉ እያለልን እኛ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንደርስ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምናውቀው፤ ወይ ማሳሰር፣ ወይ ማስፈታት።

ወደ ዲናችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 92 ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመንን በስህተት ለገደለ ሰው ሁለት ነገሮችን አዟል። አንደኛው ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ የደም ካሳ ነው፤ እነርሱ በምጽዋትነት ካልተውለት በስተቀር። ሁለተኛው ባሪያ ነጻ ማውጣት ነው፤ ይህን ያላገኘ ሁለት ተከታታይ ወራት ይጾማል። ልብ በሉ! ጾሙን የሚቆጣጠር ዘበኛ የለም፤ ያ በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ዕዳ ነው። ካሳው የተበዳዩ ሐቅ ነው። በዚህ ላይ የሕዝብ ሰላም ሲጨመር ዕዳው ሦስት ይሆናል፤ ለአላህ፣ ለተበዳይ፣ ለሕዝብ። እስር ቤት የሚያወራርደው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ይህን በተግባር አሳይተውናል። የሓጢብ አገልጋዮች የአንድን ሰው ግመል ሰርቀው አርደው በሉ። ዑመር እጃቸው እንዲቆረጥ ካዘዙ በኋላ አገልጋዮቹ በጌታቸው ዘንድ የሚራቡ መሆናቸውን ተረዱ። ፍርዱን አነሱና ጌታቸው 400 ዲርሃም ለሚያወጣው ግመል 800 ዲርሃም እንዲከፍል ፈረዱበት። ኸሊፋው ረሃቡን ያመጣው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል፤ የግመሉንም ባለቤት ባዶ እጁን አልሸኙትም።

በአንጻሩ ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ (ረ.ዐ.) ኩታቸውን የሰረቃቸውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ካቀረቡ በኋላ «ሰጥቼዋለሁ» ቢሉ፣ ይህን ወደ እርሳቸው ከማምጣታቸው በፊት ማድረግ ይገባቸው እንደነበር ተነግሯቸዋል። ጉዳዩ ከዳኛ ፊት ከደረሰ የሕዝብ ሐቅ ገብቶበታልና። ይህን የማነሳው የወንጀል ችሎት በሸሪዓ ይቅጣ ለማለት አይደለም። በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 መሠረት የሃይማኖት ሕግ በተከራካሪዎች ፈቃድ የሚሠራው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው። የማነሳው የሙስሊሙ ሕሊና በየትኛውም ችሎት ፊት ቢቆም ተበዳዩን እንዳይረሳ ነው።

«ካሳና እርቅ ከበዛ ሀብታም ወንጀሉን በገንዘብ አይገዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። በወሎ አበጋሮች፣ በኦሮሞ ዘንድም በጉማ ሥርዓት ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን ሐዘን ላይ የተቀመጠችን እናት ሃያ ሽማግሌ ከቦ «ለአላህ ብለሽ ማሪ» እያለ በይሉኝታ ቢያስጨንቃት፣ እርሷም እንባዋን ውጣ «እሺ» ብትል፣ ያ ዐፍው አይደለም፤ ሁለተኛ በደል ነው። ይቅርታ ዋጋ የሚኖረው እምቢ የማለት መብት ሲኖር ነው። ለዚህም ነው የመንግሥት ክስ ከእርቅ በኋላም መቀጠሉን የምደግፈው። ገንዘብ ያለውን ሰው ሕግ ፊት የሚያቆመው እርሱ ነው፤ የተካሰው ካሳ ግን በማቅለያነት ሊታሰብለት ይገባል።

«ቅጣት ራሱ ማስሰረያ ነው» የሚሉም አሉ። በዱንያ የተቀጣ ሰው ቅጣቱ ኃጢአቱን እንደሚያብስለት የሚያመለክት ሐዲስ በእርግጥ አለ። ይሁንና ሐቅን ለባለቤቱ መመለስ የተውበት መስፈርት መሆኑን ዑለማዎች አስተምረውናል። አምስት ዓመት ታስሮ የወጣ ሌባ የሰረቀው ቤት ውስጥ እየኖረ ከሆነ ምኑን ጨረሰ?

ስለዚህ ተከሳሽ ዘመድ ያለን ሰዎች ጠበቃ ከመፈለጋችን ጎን ለጎን የተበዳዩን ደጃፍ እናንኳኳ። ለማስፈራራት ወይም ምስክር ለማባበል አይሁን፤ ያም ራሱ ወንጀል ነው። የሄድነው ጥፋትን ለማመንና ለመካስ ይሁን። ተበዳዮችም የካሳ መብታቸውን ይወቁ። መስጊዶቻችን ስለ ውዱእና ስለ ዘካ እንደሚያስተምሩን ሁሉ ስለ ባሮች ሐቅም ያስተምሩን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩን የትንሣኤ ቀን ከሳሪ ሶላትና ጾም ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን የሰደባቸው፣ የመታቸውና ገንዘባቸውን የበላባቸው ሰዎች ሥራውን ተካፍለው የሚጨርሱበት ሰው ነው። በዚያ ችሎት ገደብም አመክሮም የለም። ዕዳችንን እዚሁ እያለን እናወራርድ።

ወላሁ አዕለም።